ከሲፍር እስከ ኮምፒውተር

በቅርቡ አንድ ተማሪዬ ከደርስ በኋላ ቀረብ ብሎ «ኡስታዝ፣ ኮምፒውተር የሚሠራበትን የ0 እና የ1 አጻጻፍ ያገኘው አል-ኸዋሪዝሚ ነው አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎን» ብዬ ደስ ላሰኘው በቻልኩ ነበር። ይህ አባባል በየመድረኩ ሲነገር ብዙዎቻችን ሰምተናልና። ነገር ግን የሌላውን ድርሻ ለራስ ወገን መስጠት ታሪክ አይባልም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስለ ህንዶች የቁጥር አጻጻፍ መጽሐፍ ጽፏል። ይህ አጻጻፍ ማንኛውንም ቁጥር በ10 ምልክቶች ብቻ የሚገልጽ ነው። ባዶውን ቤት የሚይዘውን ምልክት ዐረቦች «ሲፍር» አሉት፤ ባዶ ማለት ነው። አውሮፓውያን «ዜሮ» የሚሉት ቃል የተገኘው ከዚሁ ነው። መጽሐፉ ወደ ላቲን ሲተረጎም ደግሞ የጸሐፊው ስም «አልጎሪዝም» ወደሚለው ቃል ተለወጠ። ኮምፒውተር ደረጃ በደረጃ የሚከተለው የአሠራር ቅደም ተከተል ዛሬም በዚህ ስም ይጠራል። ይህ ትልቅ ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ አል-ኸዋሪዝሚ ያስተማረው በ10 ምልክት መጻፍን እንጂ በ2 ምልክት መጻፍን አልነበረም።

ታዲያ በ2 ምልክት የመጻፍን ስልት አብራርቶ ያስተዋወቀው ማን ነው? ጀርመናዊው ሊቅ ጎትፍሪድ ላይብኒዝ ነው። በ1679 ስለዚህ ጉዳይ ጻፈ፤ በ1703 ደግሞ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበው። በለመድነው አጻጻፍ ቤቶቹ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ 10፣ 100 እያሉ ያድጋሉ። በዚህኛው ግን 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ በእጥፍ ይሄዳሉ። ስለዚህ 1101 ሲጻፍ አንድ 8፣ አንድ 4፣ ምንም 2፣ አንድ 1 ማለት ነው፤ ድምሩ 13። እስቲ ሲፍሩን አውጡትና 111 ብላችሁ አንብቡት፤ 7 ይሆናል። ባዶ ያልነው ምልክት ቤቱን ባይጠብቅ ኖሮ 13 ወደ 7 ይወርድ ነበር!

ይህ ስልት ለብዙ ዘመን የሊቃውንት ሐሳብ ሆኖ ቆየ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል በ1854 «እውነት» እና «ሐሰት»ን እንደ 1 እና 0 አድርጎ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። በ1937 አሜሪካዊው ተማሪ ክሎድ ሻነን የቡልን ስሌት የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ሊሠሩት እንደሚችሉ በመመረቂያ ጽሑፉ አስረዳ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ 1፣ ሲቋረጥ 0። አሥር ዓይነት የኃይል መጠን ሳይሳሳቱ ከመለየት መኖርና አለመኖሩን መለየት እጅግ ይቀላል። ኮምፒውተር ሁለቱን ምልክቶች የመረጠበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ቁጥሩስ ይሁን፤ ትእዛዙስ? በ1946 በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለ ኮምፒውተር ገና በ10 ምልክት ይቆጥር ነበር። አዲስ ሥራ ለማሠራት ሽቦ እየነቀሉ መሰካት ቀናት ይወስድ ነበር። ጆን ፎን ኖይማን በ1945 በጻፈው ጽሑፍ ግን ትእዛዙም እንደ ቁጥሩ በማሽኑ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ይህም ጁን 21 ቀን 1948 በእንግሊዝ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በተግባር ታየ። «ቤቢ» የተባለው ማሽን ማኅደሩ 32 መስመር ሲሆን እያንዳንዱ መስመር 32 ምልክት ይይዝ ነበር። በአንድ ትእዛዝ ውስጥ 3ቱ ምልክቶች ምን እንደሚሠራ (ቀንስ፣ አስቀምጥ፣ አቁም የመሳሰለውን)፣ 5ቱ ደግሞ የትኛው መስመር ላይ እንደሚሠራ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ፕሮግራም 17 ትእዛዝ ብቻ ነበረው፤ 52 ደቂቃ ሠርቶ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ።

ልብ በሉ! ያው የ0 እና የ1 ሰልፍ አንድ ጊዜ ቁጥር፣ ሌላ ጊዜ ትእዛዝ ነው። ፊደልም ሊሆን ይችላል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲያካትት «ሀ» 4608 የሚል ቁጥር ተሰጣት፤ በሁለቱ ምልክቶች 1001000000000 ነው። ማሽኑ ግን «ሀ»ን አያውቃትም። ትርጉሙን ያኖሩት የተስማሙት ሰዎች ናቸው።

ለተማሪዬም እንዲህ አልኩት፦ «ሐዲስ ስትማር ሰነዱን ትጠይቃለህ፤ ከሰንሰለቱ አንድ ሰው ብትዘል ወይም በሌላው ስም ብትተካ መምህርህ ዝም አይልህም። የዕውቀት ታሪክም እንደዚያው ነው። ህንዶቹን፣ አል-ኸዋሪዝሚን፣ ላይብኒዝን፣ ቡልን፣ ሻነንን በየቤታቸው አስቀምጣቸው። አንዱን ከቦታው ብታነሳ ድምሩ ይሳሳታል።»

ወላሁ አዕለም።