ካይሮፕራክቲክ ለራስ ምታትና ለማይግሬን፤ የሚጠቅምበትና የማይጠቅምበት

ካይሮፕራክቲክ ተብሎ የሚታወቀው የአከርካሪ አጥንት መገጣጠሚያዎችን በእጅ በመጫንና በማንቀሳቀስ የሚሰጠው ሕክምና ከአንገት ለሚመነጭ ራስ ምታት ጥቅም ሊኖረው ቢችልም፣ ለማይግሬን ግን ከማስመሰያ ሕክምና የተሻለ መሆኑ በጥናት አልተረጋገጠም። በመሆኑም ሕመምተኛው ገንዘቡንና ጊዜውን ከማውጣቱ በፊት የያዘው ራስ ምታት የትኛው ዓይነት እንደሆነ በጤና ባለሙያ ማስለየት ይኖርበታል።

ጉዳዩ በ2015 ዓ.ም. በተደራጀው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉትን የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች በቅርብ ይመለከታል። ከእነዚህ አካባቢዎች በርካታ ሠራተኞች በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች ማልደው ወደ አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ቀኑን በወንበር ላይ አጎንብሰው ውለው አምሽተው ይመለሳሉ። የአንገት መገተርና ራስ ምታት ሲደጋገምባቸው መፍትሔው በዋና ከተማዪቱ በሚገኙት ጥቂት የካይሮፕራክቲክ ክሊኒኮች ወይም በሰፈር ወጌሻ ዘንድ እንደሆነ የሚመከሩት ጥቂት አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ሕዝብ 40 በመቶ የሚሆነው ወይም 3.1 ቢሊዮን ሰው በራስ ምታት ሕመሞች ተጠቅቷል። በአገራችን ቤት ለቤት በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ በወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት ከሆኑት 2,385 ተሳታፊዎች መካከል በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ማይግሬን የታየባቸው 17.7 በመቶ፣ የውጥረት ራስ ምታት የታየባቸው ደግሞ 20.6 በመቶ ያህል ሆነው ተገኝተዋል። በወር ለ15 ቀናትና ከዚያ በላይ ራሳቸውን የሚያማቸው 3.2 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የቀደመ የገጠር ጥናት የማይግሬንን ስርጭት 3 በመቶ ብቻ አድርጎ ነበር። ሁለቱ ጥናቶች ዘዴያቸው ስለሚለያይ ሕመሙ በስድስት እጥፍ ጨመረ ለማለት አያስደፍሩም፤ ይሁን እንጂ ማይግሬን የፈረንጅ በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የሌለው መሆኑን ሁለቱም ያሳያሉ።

ራስ ምታት ሥር የሰደደ የሚባለው ከሦስት ወር ለሚበልጥ ጊዜ በየወሩ ለ15 ቀናትና ከዚያ በላይ ሲከሰት ነው። ማይግሬን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን የሚወቅር፣ በእንቅስቃሴ የሚብስ፣ ማቅለሽለሽ የሚያስከትል፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላና ሳይታከም ከ4 እስከ 72 ሰዓታት የሚቆይ ሕመም ነው። የውጥረት ራስ ምታት ጭንቅላትን በመቀነት የማሰር ያህል ዙሪያውን ይጨምቃል፤ ቢሆንም ሥራ የሚያስተው ከስንት አንዴ ነው። ከአንገት የሚመነጨው ደግሞ በማጅራት በኩል ጀምሮ ወደ ግንባርና ወደ ዓይን የሚዛመት፣ አንገት ሲዞር የሚቀሰቀስና የአንገትን እንቅስቃሴ የሚገድብ ነው። ሕመሙ ከአንገት ተነሥቶ ግንባር ላይ የሚሰማበት ምክንያት የላይኛዎቹ ሦስት የአንገት ነርቮችና የፊት ስሜት አስተላላፊ ነርቭ በኅብለ ሰረሰር የላይኛው ክፍል አንድ ሥፍራ ላይ ስለሚገናኙ ነው። ችግሩ ማይግሬን ያለበት ሰውም ሕመሙ ሲነሣ አንገቱ የሚገተር መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የማይግሬኑን ምልክት የሕመሙ መነሻ አድርጎ በመውሰድ አንገቱን ለማሳሸት የሚሄደው በዚህ የተነሣ ነው።

ካይሮፕራክቲክ የሚለው ስያሜ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን በእጅ የሚሠራ ማለት ነው። ሙያውን እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ዳቨንፖርት ከተማ የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ነው። ፓልመር አብዛኛው በሽታ የሚመጣው ከአከርካሪ አጥንቶች መዛነፍ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ይህ እምነት ዛሬ በሳይንስ ተቀባይነት የለውም። በሌላ በኩል ለወገብና ለአንገት ሕመም የሚሰጠው የእጅ ሕክምና በበርካታ አገሮች በሕግ ታውቆ ይሠራበታል። በአፍሪካ ሙያው በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሲሰጥ የቆየው በደቡብ አፍሪካ ነው።

ውጤቱን በሚመለከት ሁለት ጥናቶችን መጥቀስ ይበቃል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። ከአንገት የሚመነጭ ራስ ምታት ያለባቸው 200 ሰዎች በአራት ተከፍለው ለአንዱ ቡድን የእጅ ሕክምና፣ ለሌላው የአንገት ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ለሦስተኛው ሁለቱም ተሰጠ፤ አራተኛው ለማነጻጸሪያ ቆየ። ከአንድ ዓመት በኋላም የሦስቱም ቡድኖች ሕመም ቀንሶ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው እንቅስቃሴው ብቻውን የእጅ ሕክምናውን ያህል መሥራቱ፣ ሕክምናውንም የሰጡት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች መሆናቸው ነው። ፊዚዮቴራፒ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ የአገር ውስጥ ተቋማት የሚሰለጠንበት ሙያ ነው።

ሁለተኛው በኖርዌይ በ104 የማይግሬን ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ነው። አንደኛው ቡድን በሦስት ወር ውስጥ 12 ጊዜ የካይሮፕራክቲክ ሕክምና ሲያገኝ፣ ሁለተኛው በትከሻና በመቀመጫ አካባቢ እንደ ሕክምና በሚመስል ግፊት ተነካ፤ ሦስተኛው የተለመደ መድኃኒቱን ቀጠለ። ሕክምናው ሲያበቃ የሦስቱም የሕመም ቀናት ቀንሰዋል። ከዚያም በኋላ እውነተኛውን ያገኙትም ሆኑ ማስመሰያውን ያገኙት መሻሻላቸውን እንደያዙ ቆይተዋል። አጥኚዎቹም ለውጡ የመጣው ሕመምተኛው እድናለሁ ብሎ ከመጠበቁ ሊሆን እንደሚችል ደምድመዋል። መሻሻሉን ሕመምተኛው በእርግጥ ያየው ነገር ነው፤ ነገር ግን ለዚያ ብሎ አንገትን በኃይል ማስጠምዘዝ አስፈላጊ አለመሆኑን ጥናቱ ይጠቁማል።

ጉዳቱን በተመለከተ ከሕክምናው በኋላ ለአንድና ለሁለት ቀን የሚቆይ ድካምና የአንገት ሕመም የተለመደ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥመው ግን ከባድ ነው። በአንገት በኩል ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ቧንቧ ግድግዳው ተሰንጥቆ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ በአንገት ማስተካከልና በዚህ ጉዳት መካከል ግንኙነት መታየቱን፣ መንሥኤው እርሱ ስለመሆኑ ግን አለመረጋገጡን ገልጾ፣ ታካሚዎች ከሕክምናው በፊት ሊነገራቸው እንደሚገባ አሳስቧል። ቧንቧው አስቀድሞ የተሰነጠቀበት ሰውም አንገቱን ስለሚያመው ወደ ባለሙያው ሊሄድ ይችላልና።

ወጌሻና ካይሮፕራክቲክ አንድ አይደሉም። ወጌሻ በአገራችን የቆየና የተከበረ ሙያ ሲሆን በእግር ኳስ ሜዳ ሳይቀር ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ የሚሮጠው ሰው እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ወለምታን አሽቶ በመመለስ ብዙዎችን የረዳ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የተሰበረ እጅና እግር ከመጠን በላይ ጠብቆ በመታሰሩ ደም ተቋርጦ አካላቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ሕመምተኞች በሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል። አንገት ደግሞ ከእጅና ከእግር ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ምርመራ ሳይደረግ አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማንቋቋት በማንም እጅ ቢሆን ሊፈቀድ አይገባውም።

አብዛኛው ሕመምተኛ መጀመሪያ ሊያገኘው የሚገባው ሕክምና በቅርብ የሚገኝና ዋጋውም አነስተኛ ነው። ሕመሙ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የተበላውን፣ የታደረበትን እንቅልፍና የተዋጠውን ኪኒን ለአንድ ወር በማስታወሻ መዝግቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ባለሙያው ዓይነቱን እንዲለይ በእጅጉ ያግዘዋል። ማይግሬን የሚደጋገምበት ሰው እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ ለመከላከያ በየዕለቱ የሚወሰዱ መድኃኒቶች በሐኪም ሊታዘዙለት ይችላሉ። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት አይሰጥም። በአንጻሩ ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር ለ15 ቀናትና ከዚያ በላይ፣ እንደ ትራማዶል ያሉትን ደግሞ ለ10 ቀናትና ከዚያ በላይ መውሰድ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ያመጣል። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ኪኒን የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ይህን ቢቆጥር ይበጀዋል።

ቀስቃሽ ምክንያቶቹም ከኑሮአችን ጋር የተያያዙ ናቸው። ምግብ መዝለልና ረጅም ሰዓት መጾም፣ የለመዱትን ቡና በድንገት መተው፣ የእንቅልፍ ማነስና በቂ ውኃ አለመጠጣት ተጠቃሾች ናቸው። እንደ ሱሉልታ ባለ ብርዳማ ደጋ አካባቢ የከሰል እሳት በተዘጋ ቤት አስገብቶ ማደር ያለው አደጋ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ቤተሰቡ በሙሉ ጠዋት ራሱን አሞት ከተነሣ የተጠረጠረው የከሰል ጭስ እንጂ ማይግሬን ሊሆን አይችልም፤ ወዲያው ወደ አየር መውጣትና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በቅጽበት የጀመረና ከዚህ ቀደም ታይቶ የማይታወቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ከትኩሳትና ከአንገት አለመታጠፍ ጋር የመጣ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛልና የንግግር መኮላተፍ ያስከተለ፣ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ የታየ፣ ከራስ ግጭት በኋላ የተከሰተ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። በእነዚህ ሁኔታዎች አንገትን ማሳሸት በፍጹም አይገባም። የነርቭ ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው ሕመምተኛ እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳሉ ሆስፒታሎች በሪፈር ይላካል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በመሆኑ የባለሙያው ቁጥር ገና አነስተኛ ነው።

ዓይነቱ ተለይቶ ከአንገት የሚመነጭ መሆኑ የተነገረውና የእጅ ሕክምና የመረጠ ሰው ከመተኛቱ በፊት የባለሙያውን የሥራ ፈቃድና የተማረበትን ተቋም ቢጠይቅ መብቱ ነው። የደም ግፊቱ መለካቱን፣ የሚሰጠው እንቅስቃሴ መኖሩንና ሕክምናው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለውጥ ካላየም ሌላ ዙር ከመክፈል ይልቅ ማስታወሻውን ይዞ ወደ ላከው ሐኪም መመለስ ይችላል።