ከቦሩ ሜዳ ያደረ ክርክር፦ የላስታና የወሎ ክርስትና ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች

ክርስትና ከእርሱ ውጭ ላሉ እምነቶች ምን ቦታ ይሰጣል የሚለው ጥያቄ በምዕራቡ ዓለም የነገረ መለኮት ጥናት ውስጥ ራሱን የቻለ ዘርፍ ከሆነ ቆይቷል። እንግሊዛዊው አለን ሬስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መልሶቹን ሦስት ቦታ ከፈላቸው። አግላዩ አቋም መዳን ክርስቶስን ዐውቀው ለሚያምኑት ብቻ ነው ይላል። አካታቹ አዳኙ ክርስቶስ ብቻ መሆኑን ሳይክድ ጸጋው ስሙን ላልሰሙትም ሊደርስ እንደሚችል ያስተምራል፤ የካቶሊኩ ካርል ራነር ትምህርት ከዚህ ይመደባል። ብዝኃዊው ደግሞ፣ ጆን ሂክ እንደተሟገተለት፣ ታላላቆቹ ሃይማኖቶች ሁሉ ለአንዱ የመጨረሻ እውነት የተሰጡ ልዩ ልዩ ምላሾች ናቸው ብሎ ያምናል። ይህ አከፋፈል በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ይመቻል። ወሎን ለመረዳት ግን አይበቃም። በላስታ ደጋና በዙሪያው ባለው የወሎ ምድር ዶግማው የጠበቀ፣ ኑሮው የተከፈተ ክርስትና ለዘመናት ኖሯል። የእኔ ክርክር ይህ ኑሮ እስካሁን የሚመጥነው የተጻፈ ነገረ መለኮት አላገኘም፣ ያላገኘበትም ምክንያት በታሪክ ሊታይ ይችላል የሚል ነው።

ከላሊበላ እንጀምር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው የዛጉዌ ንጉሥ በስሙ በተጠራችው ከተማ ከሚገኙት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር ስሙ ተያይዞ ይኖራል። ጎልጎታ፣ ደብረ ሲና፣ ዮርዳኖስ የሚሉት ስያሜዎች ቦታው የኢየሩሳሌም አምሳል መሆኑን ይመሰክራሉ። ኢየሩሳሌም በ1187 እ.ኤ.አ. በሰላሐዲን እጅ ስለገባች አንዳንድ ጸሐፊዎች የላሊበላን ሥራ ለዚህ ክስተት እንደተሰጠ ምላሽ ያዩታል። ይህ አተያይ ይጠብብኛል። ገድሉ የሕንጻዎቹን ምንጭ ንጉሡ ባየው ሰማያዊ ራእይ ያደርገዋል እንጂ ለማንም ጠላት የተሰጠ መልስ አያደርገውም። ከዚያም በላይ የዛጉዌ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምታገኘው ከእስክንድርያ መንበር ነበር፤ መንበሩም በሙስሊም ገዥዎች ሥር ነበር። ካይሮ ካልፈቀደች ጳጳስ አይመጣም፤ ጳጳስ ከሌለ ቄስ አይሾምም፣ ቅዳሴም ይታጎላል። ስለዚህ የላስታ ክርስትና እጅግ በገነነበት ዘመን እንኳ የቅዳሴው ቀጣይነት ከሙስሊም መንግሥት ጋር ባለው መግባባት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን የዘነጋ የነገረ መለኮት ታሪክ ጎዶሎ ነው።

በላሊበላ በገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት ጠርዝና ከሥሩ ባለው ቅጽር ተሰልፈው ቤዛ ኩሉን ይዘምራሉ። ዝማሬው የተወለደው ክርስቶስ የዓለም ሁሉ ቤዛ መሆኑን ያውጃል። አግላይ የሚባለው አቋም እዚህ ላይ ከራሱ ጸሎት የሚነሣ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ቤዛነቱ ለሁሉ ከሆነ፣ ከቅጽሩ ውጭ ያለው ጎረቤት ከዚህ ቤዛነት ጋር ያለው ዝምድና ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል ይህን ጥያቄ በጽሑፍ የተጋፈጡት እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። የመናዊ ተወላጅ ነበሩ፤ ከእስልምና ወደ ክርስትና ተመልሰው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን በቁ። የኢማም አሕመድ ጦር በ1529 እ.ኤ.አ. ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ካደረገ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት በየቦታው ተቃጠሉ። የጦርነቱ ዜና መዋዕል የሆነው ፉቱሕ አል ሐበሻ ኢማሙ ላሊበላ መድረሱንም ይተርካል። እጨጌው በ1540 እ.ኤ.አ. አንቀጸ አሚን የተባለውን ድርሳን በግዕዝ ሲጽፉ በቀጥታ ለራሱ ለኢማም አሕመድ ነው የጻፉት። ድርሳኑ ለእስልምና የሚራራ አይደለም፤ ክርስትናን የሚያስቀድም ሙግት ነው። ይሁን እንጂ የሙግቱ ስልት ልብ ሊባል ይገባል። ዕንባቆም ስለ ኢየሱስና ስለ ማርያም የሚናገሩትን የቁርኣን ክፍሎች ለምስክርነት ይጠራሉ። አገሩ እየነደደ ሳለ የባላንጣቸውን መጽሐፍ አንብበው፣ በውስጡ የእውነት ምስክር አለ ብለው ተከራከሩ። በዚያው ክፍለ ዘመን በ1553 እ.ኤ.አ. ባራላም ወይዋስፍን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። የዚህ መጽሐፍ ታሪክ መሠረት የቡድሃ ሕይወት ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲተላለፍ የክርስቲያን ቅዱስ ታሪክ ሆኗል። የህንድ ጥበብ በየመናዊ ሊቅ እጅ ወደ ኢትዮጵያ ገዳማት ገባ ማለት ነው።

ዕንባቆም የከፈቱት መንገድ ግን አልቀጠለም። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሲጠሩ፣ የተዋሕዶና የሦስት ልደት ሊቃውንት በክርስቶስ ባሕርይ ላይ መጻሕፍት ዘርግተው ተከራከሩ። ቃል ተመዘነ፣ አበው ተጠቀሱ፣ ተዋሕዶም ረታ። ከዚያው ጉባኤ የወጣው ሁለተኛው ውሳኔ ግን ጉባኤ አልተዘረጋለትም። የወሎ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ፣ ሹማምንቱም ተጠምቀው ሹመታቸውን እንዲይዙ ወይም እንዲተዉት ታወጀ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሆነዋል። ሼኽ ጠልሃን የመሳሰሉ ዑለማእ በእምቢታ ተነሡ። ብዙ ሰውም በአደባባይ ክርስቲያን፣ በቤቱ ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

ቦሩ ሜዳን የምተቸው ንጉሠ ነገሥቱ የአገር አንድነት ፈለጉ ብዬ አይደለም። የዘመኑ የግብፅ ወረራ ያስከተለው ስጋት እውነተኛ ነበር። የምተቸው ለነገረ ክርስቶስ የተሰጠው ክብር ለሰው ኅሊና ስላልተሰጠ ነው። ስለ ወልድ ልደት ሲሆን ማስረጃ ተጠየቀ፤ ስለ ሙስሊሙ መዳን ሲሆን ቀን ተቆረጠ። ጥምቀት ያለ እምነት ምስጢር አይሆንም ብላ የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን በዐዋጅ የመጣን ጥምቀት ስትቀበል ከራሷ ትምህርት ጋር ተጋጭታለች። የዚህ ጥላ ረጅም ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር፤ ጳጳሱም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ከሳምንታት በኋላም ሰገሌ ላይ ደም ፈሰሰ።

ሊቃውንቱ ዝም ያሉበትን ጉዳይ ግን ሕዝቡ በኑሮው ሲመልስ ቆይቷል። በወሎ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን በግ ሙስሊም ጎረቤቱ እንዲያርድለት ይሰጣል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። ሥጋው አይቀላቀልም። አንዱ በሥላሴ ስም፣ ሌላው በአላህ ስም ባርኮ ያርዳልና የሌላውን እርድ መብላት እምነቱን እንደ መቀበል ይቆጠራል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩት ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል። ሥጋው፣ በክርስቲያኑ አንገት ያለው ማተብም ጭምር፣ ዶግማን ያልተማረ ገበሬ የሚጠብቅባቸው የእምነት አጥሮች ናቸው። በዚያው መንደር ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል፤ መቃብር ሲቆፈር፣ ሐዘንተኛ ሲጽናና እምነት አይጠየቅም። የአጨዳው ደቦም እንዲሁ ነው።

ሂክ ይህን ቢያይ የራሱን ብዝኃዊነት ያገኘ ይመስለው ይሆናል። የወሎ ሰው ግን ሃይማኖቶች ሁሉ አንድ ናቸው አይልም፤ አንድ ናቸው ቢል ኖሮ ሁለት በግ ባላረደ ነበር። ልዩነቱን አክብሮ፣ ማዕዱንም አስፍቶ ይኖራል። ለዚህ ኑሮ ከሦስቱ መደቦች አንዱም ልኩ አይደለም።

ይህን ስል ወሎን የፍቅር ገነት አድርጌ አይደለም። ጎረቤታሞች ተፋቅረው በኖሩበት አገር የሙስሊሙ በዓል ለረጅም ዘመን የመንግሥት በዓል አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት በወጡበት ታላቅ ሰልፍ ላይ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። በመንደር የነበረው መከባበር አደባባይ የወጣው ያን ዕለት ነው፤ ወደ ሕግ የገባው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ለነገረ መለኮቱ የሚሆን መነሻ ሩቅ አይደለም። በጥር 1963 ዓ.ም. የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ማዕከላዊ ኮሚቴ አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰብ፣ የሊባኖስ ተራራው የአንጾኪያ ኦርቶዶክስ ሜትሮፖሊታን ጆርጅ ኾድር ስለ ብዝኃ ሃይማኖት ዓለም አንድ ንግግር አደረጉ። የመንፈስ ቅዱስ ሥራ በቤተ ክርስቲያን የሚታይ ድንበር እንደማይገታ፣ ክርስቶስ በማይታወቅበትም ስፍራ በስውር እንደሚሠራ ከአበው ትምህርት ተነሥተው አስረዱ። ከሙስሊሞች ጋር ጎን ለጎን ከኖረች ቤተ ክርስቲያን የመጣ ቃል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምክር ቤቱ አባል ከመሆኗም በላይ ንግግሩ የተደረገው በመዲናዋ ነው።

ለኦርቶዶክሳዊ ሊቅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ከአብርሃም ኪዳን ውጭ ሆኖ አብርሃምን የባረከውን መልከ ጼዴቅን የእኛ ቅዳሴና ሥዕል ያከብሩታል። ከመጠመቁ በፊት ጸሎቱና ምጽዋቱ ወደ እግዚአብሔር የደረሰለትን ቆርኔሌዎስን የሐዋርያት ሥራ ይተርካል። ሁለቱም ታሪኮች ክርስቶስን ከአንድ አዳኝነቱ አያወርዱትም፤ የጸጋው ድንበር በእኛ አጥር እንደማይለካ ግን ያሳያሉ። ቤዛ ኩሉን የምትዘምር ቤተ ክርስቲያን ይህን በትምህርት ብትገልጠው ከዶግማዋ አትወጣም።

በ2010 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ለሰላም የሚሠራው ሥራ ያስፈልጋል። ሆኖም የሰላም ጥሪ የነገረ መለኮትን ቦታ አይተካም። በላስታ የአብነት ጉባኤ ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራንና የመንፈሳዊ ኮሌጆቻችን ሊቃውንት በቦሩ ሜዳ ያልተካሄደውን ክርክር አሁን ይክፈቱት፤ አንቀጸ አሚንንና የኾድርን ንግግር ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜያችን ጎን ለተማሪዎቻቸው ያስነብቡ፤ ሲከራከሩም የወሎ ዑለማእን ወንበር ሰጥተው ያድምጧቸው።