ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ድረ ገጽም እንደዚያው

ስለ አንድ ጉዳይ ጎግል ላይ በአማርኛ ፈልጋችሁ ሦስት አራት ውጤት ብቻ ሲመጣላችሁ ምን ትላላችሁ? አብዛኞቻችን «ማንም አልጻፈበትም» ብለን እናልፋለን፡፡ እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል ባይ ነን፡፡ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ የጎደለው መታየቱ ነው፡፡ በመጻፍና በመታየት መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የድረ ገጽ ባለቤቶችና የመፈለጊያ ማሽኖች ከ30 ዓመት በላይ ሲደራደሩ ኖረዋል፡፡ ዛሬ በነጻ የምናገኛቸው መሣሪያዎችም የዚያ ድርድር ፍሬዎች ናቸው፡፡ እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡

በ1990 በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበረው የባርቤዶስ ተወላጅ አለን ኤምቴጅ «አርቺ»ን ሠራ፡፡ አርቺ የፋይሎችን ስም ይፈልጋል እንጂ ውስጣቸውን አያነብም ነበር፡፡ በ1993 ደግሞ ማርታይን ኮስተር «አሊዌብ»ን ይዞ መጣ፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ገጾቹ ስለምን እንደሚያወሩ በአንድ ፋይል ጽፎ ያስቀምጣል፣ አሊዌብ ፋይሉን ይሰበስባል፡፡ ግን ስንቱ ባለቤት ቁጭ ብሎ ይጽፋል? አልተስፋፋም፡፡

ባለቤቱ ካልተናገረ ማሽኑ ራሱ ሄዶ ያንብብ ተባለ፡፡ በ1994 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የወጣው «ዌብክሮውለር» በገጹ ላይ ያለውን ቃል ሁሉ እየለቀመ መዝገብ ያዘ፡፡ ይሁን እንጂ በየቦታው የሚዞሩት ሮቦቶች ደካማ ሰርቨሮችን ያጨናንቁ ጀመር፡፡ ያው ኮስተር በዚያው ዓመት መላ አመጣ፤ «ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ» የምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል፡፡ ባለቤቱ በእሷ «እዚህ ግቡ፣ እዚያ አትግቡ» ይላል፡፡ ማንም በሕግ ሳያስገድድ፣ በመግባባት ብቻ 28 ዓመት ከሠራች በኋላ በ2022 በይፋ ስታንዳርድ ሆነች፡፡

ቀጥሎ የማጭበርበር ዘመን መጣ፡፡ በታኅሣሥ 1995 «አልታቪስታ» ሲከፈት ብዙ ማሽኖች ገጹ ስለ ራሱ የሚለውን ያምኑ ነበር፡፡ ባለቤቶችም ይህን ሲያውቁ ለአንባቢ የማይታየውን የቁልፍ ቃላት ሳጥን ከጉዳዩ ጋር በማይገናኙ ቃላት ሞሉት፤ በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም የጻፉም ነበሩ፡፡

ለዚህ መድኃኒት ያመጡት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ናቸው፡፡ በ1998 የመሠረቱት ጎግል ሰው ስለ ራሱ የሚያወራውን ከመስማት ጎረቤቱ የሚመሰክርለትን መስማት መረጠ፡፡ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ሲያደርግ ምስክርነት ሰጠ ማለት ነው፤ ምስክሩ ራሱ የተመሰከረለት ከሆነ ደግሞ ቃሉ የበለጠ ይመዝናል፡፡ ያ የቁልፍ ቃላት ሳጥንማ ለደረጃ አሰጣጥ እንደማያገለግል ጎግል በ2009 በይፋ ተናገረ፡፡ የሚገርመው፣ ዛሬም ሳጥኑን ሲሞሉ የሚውሉ አሉ!

ባለቤቱ ወደ ድርድሩ የተመለሰው በ2005 ነው፡፡ ጎግል «ሳይትማፕ»ን አወጣ፤ የገጾቻችሁን አድራሻ ዘርዝራችሁ ስጡኝ፣ እኔም አያቸዋለሁ አለ፡፡ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀበሉት፡፡ ልብ በሉ፣ ይሄ የአሊዌብ ሐሳብ ተመልሶ መምጣቱ ነው፡፡ ልዩነቱ ማሽኑ ዝርዝሩን እንደ ጥቆማ ይይዝና ገጹን ራሱ ያነባል፡፡ በዚያው 2006 «ዌብማስተር ቱልስ» የሚለውን ስም ያገኘውና ከ2015 ጀምሮ «ሰርች ኮንሶል» የሚባለው ነጻ መሣሪያ ደግሞ መልሱን ለባለቤቱ ይነግረዋል፤ ሰዎች በየትኛው ቃል ሲፈልጉ ገጽህ ታየ፣ ስንቱ ከፍቶ ገባ፣ የትኛው ገጽ መዝገብ ውስጥ አልገባም? የማይክሮሶፍቱ ቢንግም የራሱ አለው፡፡ ለምን በነጻ? ማሽኑ የሚፈለግ ነገር ከሌለው አጠገቡ የሚሸጠው ማስታወቂያም አይኖረውምና ነው፡፡

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ፡፡ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፡፡ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እንደፈቀደው ያስቀምጣቸው ነበር፡፡ ለእኛ ሐተታ የሆነው ጽሑፍ ለማሽኑ ትርጉም የለሽ የላቲን ዝብርቅርቅ ነበር፡፡ ሌላው ደግሞ በፎቶ መልክ ይለጠፍ ነበር፡፡ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ነው አማርኛ ያለ ተጨማሪ ጭነት በብዙ ኮምፒውተር መነበብ የቻለው፡፡

ያ አለፈ፤ የቀሩት ችግሮች ግን የእኛው ናቸው፡፡ አንዱ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሀይ» ይላል፤ «ሥራ» እና «ስራ»ም እንዲሁ፡፡ ፊደልን ከፊደል ብቻ ለሚያስተያይ ማሽን እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው፡፡ ፊደላችንን ለማሽን ብለን እናራግፍ አንልም፡፡ ሰርች ኮንሶልን ከፍተን አንባቢው በየትኛው አጻጻፍ እየፈለገ እንደሚመጣ ማየት ግን ምንም አያስከፍልም፡፡ ርዕስን በፎቶ ላይ ሳይሆን በጽሑፍ ማስቀመጥና ሳይትማፕ ማስገባትም እንዲሁ፡፡

ትልቁ በሽታችን ግን ሌላ ነው፤ ኮፒ ፔስት፡፡ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲወጣ ሙሉውን ገልብጠን በራሳችን ገጽ ላይ እንለጥፋለን፤ ቢበዛ ከታች «ምንጭ፡ ኢንተርኔት» እንላለን፡፡ ሊንክ ግን የለም፡፡ ከላይ ያየነው ታሪክ የሚለን ነገር ካለ ሊንክ ምስክርነት መሆኑን ነው፡፡ ስንገለብጥ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ምስክሩንም ነው የምንነሣው፤ ዋናው ጸሐፊ ይጠፋል፣ ኮፒው ይታያል፡፡ ከዚያ አንድ ተማሪ ይፈልጋል፣ ምንም አያገኝም፣ «በአማርኛ አልተጻፈም» ብሎ ወደ እንግሊዝኛው ይሄዳል፡፡

ነጻ መሣሪያው አለ፡፡ ምስክርነቱን ግን ማንም ማሽን አይሰጠንም፤ እርስ በርስ የምንሰጣጠው እኛው ነን፡፡ እንግዲህ ዛሬ ያነበባችሁት ጥሩ ነገር ካለ አትገልብጡት፤ ሊንኩን ስጡት፡፡