የሞቱትን የማይረሳ ተረት፦ የጠፈር ድራማ ለምን ቁም ነገር ይሁን?

የጠፈር ተከታታይ ድራማ እወዳለሁ ብሎ በታላላቆቹ ፊት የተናገረ ወጣት የሚያገኘው መልስ ይታወቃል። «አንተ ልጅ፣ እስካሁን ካርቱን ላይ ነህ እንዴ?» ይባላል። መንኮራኩር ካለበት፣ ጨረር የሚተፋ መሣሪያ ካለበት፣ ስሙ ለአፍ የሚያስቸግር ፕላኔት ካለበት ነገሩ የልጅ ጨዋታ ነው፤ አበቃ! እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው በተቃራኒው ነው። እንደ ጠፈር ድራማ ቁም ነገርን አጥብቆ የሚፈልግ የድራማ ዓይነት የለም ባዮች ነን። ማስረጃ የምንቆጥረውም ከሆሊውድ ብቻ አይደለም። ከወልዲያ፣ ከመርሳና ከሀብሩም ነው።

ከስሙ እንጀምር። «ስፔስ ኦፔራ» የሚለው ስያሜ ስድብ ሆኖ ነው የተወለደው። ያኔ በአሜሪካ በሳሙና አምራቾች ገንዘብ የሚተላለፉት የሬዲዮ ድራማዎች «ሶፕ ኦፔራ»፣ ተራ የካውቦይ ታሪኮች ደግሞ «ሆርስ ኦፔራ» ይባሉ ነበር። ዊልሰን ተከር የተባለ ጸሐፊ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ተነሥቶ የተደጋገመውንና የተሰለቸውን የመንኮራኩር ተረት «ስፔስ ኦፔራ» ሲል ሸረደደው። ሽርደዳው ተረሳ፤ ስሙ ቀረ። ዛሬ ቃሉ የሚያመለክተው በብዙ ዓለማት ላይ የተዘረጋ፣ መንግሥታት የሚነሡበትና የሚወድቁበት፣ ሕዝብ የሚሰደድበት ትልቅ ታሪክ ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበልልን፦ መንግሥት መውደቁ፣ ሕዝብ መሰደዱ... ይህ የልጅ ጨዋታ ነው?

ክርክራችንን በጥሩ ሁኔታ የሚፈትንልን አንድ ድራማ አለ፤ ሁለት ጊዜ ስለተሠራ። «ባትልስታር ጋላክቲካ» መጀመሪያ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ቀረበ። ታሪኩ ከባድ ነው። የሰው ልጅ የሰፈረባቸው አሥራ ሁለት ዓለማት በአንድ ጊዜ ይወድማሉ። የተረፉት ጥቂቶች በተገኘው መንኮራኩር ተጭነው፣ ጠላት እየተከተላቸው፣ ምድር የምትባል አገር ፍለጋ ይሰደዳሉ። ታዲያ ገና የመግቢያው ፊልም ሳያልቅ ስደተኞቹ ቁማር ቤት ያለበት ፕላኔት ላይ ደርሰው ሲዝናኑ እናያለን። ሕዝብ አልቆ አፈር ሳይለብስ ዳንኪራ! ድራማው ከአንድ ሲዝን በኋላ ተቋረጠ።

ሮናልድ ሙር የተባለ ጸሐፊ ይህንኑ ታሪክ በ2003 (እ.ኤ.አ.) እንደገና አነሣው፤ እስከ 2009ም ዘለቀ። አሥራ ሁለቱ ዓለማት እዚህም ይወድማሉ፣ ስደቱም ያው ስደት ነው። የተለወጠው ቃናው ነው። በመንግሥት የሥልጣን ተዋረድ 43ኛ የነበረችው የትምህርት ሚኒስትር ከእሷ በላይ ያሉት ሁሉ ስለሞቱ ቃለ መሐላ ፈጽማ ፕሬዚዳንት ትሆናለች። ቢሮዋ ውስጥ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው ላይ በሕይወት ያሉ ሰዎች ቁጥር ተጽፏል። «33» በተሰኘው ክፍል ጠላት በየ33 ደቂቃው ይመጣል፤ ሰው ለአምስት ቀን እንቅልፍ አያገኝም። ወደ 50,000 ይጠጋ የነበረው ቁጥር ይወርዳል፣ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ሰሌዳው 47,972 ይላል። ያን ጊዜ ከአንዱ መርከብ ሕፃን መወለዱ ይነገራታል። ፕሬዚዳንቷ አጥፍታ 47,973 ብላ ትጽፋለች። በሚቀጥለውም ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ ቁጥሩ ከድራማው አይጠፋም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብና የቴክኒክ ብቻ እንዳይመስለን። አንዱ የሞቱትን ረሳቸው፣ ሌላው ቆጠራቸው። «ቁም ነገር ያለው ቃና» ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። የመብራት መጨለም፣ የተዋናይ ግንባር መቋጠር አይደለም። ዛሬ የሆነው ነገር ነገ መዘዝ ይኑረው፣ ነው ጉዳዩ።

አሁን ከጠፈር ወርደን ወሎ እንግባ። በስክሪን ላይ የታየ ሙት በማግስቱ ይታወሳል ወይስ ይረሳል የሚለው ጥያቄ ለእኛ አገር ቴሌቪዥን እንግዳ አይደለም። ጥያቄውን ያስነሣው ደግሞ ከዚሁ ከወሎ የሄደ ምስል ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሰሞን ነበር። ለዓመታት የሚታየውም በአብዛኛው ያው የቤተ መንግሥት ወግ ነው፤ መጎብኘት፣ መመረቅ፣ መሸለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎን ረሃብ ሲመታ ከደጋውም ከቆላውም የተራበ ሕዝብ እየወረደ በዋናው የደሴ - አስመራ መንገድ ዳር ተከማቸ። መርሳ፣ ወልዲያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ፣ ኮረም... መንገዱን ይዛችሁ ቁጠሩ። መንገድ ዳር የመጡበት ምክንያት ቀላል ነው፤ እህል ቢመጣ የሚመጣው በመኪና ነው፣ መኪና የሚያልፈውም በዚያ ነው። የሟቾቹን ቁጥር አጥኚዎች ከ40,000 እስከ 200,000 ድረስ ይገምቱታል። በግምቶቹ መካከል ያለው ርቀት ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፦ ነጭ ሰሌዳ ይዞ የቆጠረ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ስለ ረሃቡ በይፋ መናገር አይወደድም ነበር። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳዩ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ዘገባውን በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ዓለም ሰማ። የወሎ ሰው ግን ራሱን በቴሌቪዥን አላየም፤ ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ማን ነበርና!

ፊልሙ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን የታየው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሊወርዱ በዋዜማው ነው። እንዳለም አልታየም። የደርግ ሰዎች የወሎን ርሃብተኛ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር፣ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ ከሚያሳይ ምስል ጋር እያፈራረቁ ቀጥለው አቀረቡት። ሁለቱ ምስሎች ለየብቻቸው ሲታዩ የኖሩ ናቸው፤ አንዱ በዜና ወግ፣ ሌላው በእንግሊዝ አገር። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ግብዣው መዘዝ አገኘ። በማግስቱ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ዙፋኑን ፊልም ብቻውን ገለበጠው አንልም፤ ወራት የፈጀው የሠራዊቱና የሕዝቡ እንቅስቃሴ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ቢሆንም የዚያን ምሽት ስክሪን ቀልድ አልነበረም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ቁም ነገር ያሸንፋል» ብለን በጭብጨባ እንለያይ ነበር። አላበቃም። አሥር ዓመት ቆጥራችሁ መስከረም 1977 ዓ.ም. ላይ ቁሙ። ያንን ፊልም ቀጥሎ ያሳየው መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ እያከበረ ነው፤ ኢሠፓም ተመሥርቷል፣ አዲስ አበባ በባንዲራና በመፈክር አሸብርቃለች። ወሎ ደግሞ እንደገና ተርቧል። በሚቀጥለው ወር፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ድምፅ ያኔ በወሎ ሥር የነበረችውን ኮረምን በቢቢሲ ለዓለም አሳየ። ቀድሞ የሌላውን ግብዣ ከረሃብተኛው ጎን ያስቀመጠው እጅ የራሱን ግብዣ ከረሃብተኛው አራቀ።

ከዚህ የምንማረው ነገር ለጠፈር ድራማ ጸሐፊም የሚጠቅም ነው። የሚያሳዝን ምስል ማሳየት ብቻውን ቁም ነገረኛ አያደርግም። የ1978ቱ ጋላክቲካም እኮ እልቂቱን አሳይቷል! ያሳየውን ግን ረሳው። ደርግም አሳይቶ ረሳ። ለአቅመ አዳም የደረሰ ቃና የሚለየው ከእልቂቱ ቀጥሎ በሚመጣው ክፍል ነው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቁም ነገር በታሪካዊ ድራማ መናገር አይቻልም ወይ? ጠፈር ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን፦ ጠፈር ርቀት ይሰጣል። የራሳችንን ታሪክ ስናነሣ ወዲያው ወገን ለይተን እንከራከራለን። ዘመነ መሳፍንትን እንውሰድ። ወልዲያ የየጁ ምድር ናት። የየጁ ራሶች ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ፣ ራስ አሊ ዳግማዊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሣ ኃይሉ እስኪሸነፉ ድረስ፣ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው በጎንደር ንጉሥ ያነግሡና ያወርዱ ነበር። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠዋል፤ ነግሦ መውረድ ልማድ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ይህን ታሪክ አንሥተን ሦስት ሰዎች ብንቀመጥ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስለ ዘርና ስለ ክፍለ ሀገር እንጣላለን። አይዛክ አሲሞቭ ግን የሮማን አወዳደቅ ከጸሐፊው ከጊበን አንብቦ «ፋውንዴሽን»ን ወደ ጠፈር ሲወስደው፣ አንባቢው ወገን ሳይለይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ቀረ፦ ኃያል መንግሥት ከውስጥ እንዴት ይበሰብሳል? ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተከታታይ ድራማነት የቀረበውም ይኸው ታሪክ ነው። ጸሐፊው ሲቀልድ ግን ርቀቱ ይበላሻል። ባዶ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ መሳቂያ ብቻ ከሆነ፣ በእሱ ስም የሚዘረፈው ገበሬ ከታሪኩ ይወጣል።

«ዘ ኤክስፓንስ» (ከ2015 እስከ 2022 እ.ኤ.አ.) ይህንን ገበሬ የማይረሳ ድራማ ነው። በዐለታማ ትንንሽ ዓለማት ላይ የሚኖሩት ሠራተኞች ውኃቸው በረዶ ሆኖ ከሩቅ በመርከብ ይጫንላቸዋል። መርከቧ ስትጠፋ ጥሙም ጦርነቱም ይከተላል። ዝናብ የቀረባት የሀብሩ ቆላ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አትፈልግም። መርሳና ግራና በመስኖ ፍራፍሬ የሚያፈሩ፣ ትንሽ ራቅ ያለው ቀበሌ ደግሞ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ከሆነ፣ ውኃ ፖለቲካ መሆኑን ማን ለማን ያስተምራል?

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልዲያ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ መርሳም እንዲሁ። ብዙ ሰው በዚያው በዋናው መንገድ፣ አሁን ወደ ደቡብ፣ ወደ ደሴ ተሰደደ። ከተሞቹ የተመለሱት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። የተመለሰው ሰው ያገኘው የተዘረፈ ተቋምና ባዶ ቤት ነበር። «ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን» በ1993 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ልክ ከዚህ ነጥብ ነው። ወራሪው ወጥቷል፣ ጣቢያው ተዘርፎ ተሰባብሯል፣ እዚያው የቀሩት ሰዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለባቸው፦ ከዚህ በኋላ ከማን ጋር፣ እንዴት እንኑር? ሌሎች ድራማዎች ድል ላይ ያበቃሉ። ይህኛው ለሰባት ሲዝን የተጓዘው ከድሉ በኋላ ያለውን ኑሮ ይዞ ነው። በጦርነት ለኖረ ተመልካች ሌላው ቃና ስድብ ይሆንበታል።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ ቁም ነገር ማለት ሳቅ መከልከል አይደለም። የወሎን ሰው የሚያውቅ ይህንን ያውቃል፤ በክፉ ቀን እንኳ ጨዋታ አይነጥፍበትም። «ባቢሎን 5» ውስጥ ሎንዶ የሚባለው አምባሳደር መጀመሪያ ላይ ያስቀናል፤ ይጠጣል፣ ይቆምራል፣ ያጋንናል። ኋላ ላይ የዚያው ሰው ውል የጎረቤቱን ሕዝብ ያስፈጃል። ሳቃችን አልተሰረዘም፤ ዋጋ ተቆረጠለት እንጂ። ዝም ብሎ የጨለመ፣ ሁሉም ሰው የሚያኮርፍበት ድራማም ከቁማር ቤቱ አይሻልም። ኩርፊያም እንደ ዳንኪራው ልብስ ሊሆን ይችላል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር ወደ ጠፈር ልካለች። ሥራዋ እርሻን፣ አየር ንብረትንና አካባቢን ከላይ ሆኖ ማየት ነበር። የተራበው ሕዝብ መኪና ፍለጋ መንገድ ዳር ከወጣ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ፣ ድርቅን ከሰማይ የሚያይ ዓይን አገራችን አገኘች። ለእኛ ትውልድ ጠፈር እንዲህ ነው የሚገባው፤ ከእህልና ከዝናብ ጋር ተያይዞ። የመጀመሪያውን የአማርኛ የጠፈር ተከታታይ ድራማ የሚጽፈው ወጣት ከወልዲያ ይነሣ ከአዲስ አበባ፣ የመንኮራኩሩ ዋጋ አያስጨንቀው። ካርቶንም ቢሆን እናምንለታለን። በመጀመሪያው ክፍል የሞተውን ሰው በሁለተኛው ክፍል ከረሳብን ግን አናምነውም።