የፖሌንታ ኬክ

የፖሌንታ ኬክ ሸከር ተደርጎ ከተፈጨ በቆሎ የሚጋገር፣ መነሻው ሰሜን ጣልያን የሆነ ምግብ ነው። ጣፋጩ ከቡናና ከሻይ ጋር፣ ጨው ያለው ደግሞ በምሳና በእራት ገበታ ይቀርባል። ፖሌንታ ሲባል ዱቄቱም ገንፎውም ነው፤ ጣልያኖች በቆሎውን ከቅንጬ አድቅቀው፣ ከተለመደው ዱቄት ግን ሸከር አድርገው ይፈጩትና በፈላ ውሃ ያገነፉታል። ኬኩ የሚሠራው ከሁለቱ በአንዱ ነው። ወይ ገንፎው በስሎ፣ ረግቶ፣ ተቆራርጦና ተደራርቦ ኦቨን ይገባል፤ ወይ ጥሬው ዱቄት ከእንቁላል፣ ከቅቤና ከስኳር ጋር ተመትቶ ይጋገራል። ጨው ያላቸው ኬኮች አብዛኞቹ በመጀመሪያው መንገድ፣ ጣፋጮቹ በሁለተኛው ይሄዳሉ። ሁለቱ መንገዶች የሚጠይቁት የዱቄት ዓይነትም፣ የውሃ መጠንም፣ ትዕግሥትም የተለያየ ስለሆነ ቀድሞ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከገንፎ ወደ ኬክ

ፖሌንታ በዕድሜ ጣልያን ከገባው በቆሎ ይበልጣል። ሮማውያን የሚያገነፉት ገብስና ኤመር የተባለውን የስንዴ ወገን ነበር፤ ይህ ኤመር በአገራችን ደጋ አጃ እየተባለ የሚዘራው ነው። በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ደግሞ ሚሌትና ባክዊት የተባሉት እህሎች፣ ካስታኛ የተባለውም የዛፍ ፍሬ እየተፈጩ ይገነፉ ነበር። አሌሳንድሮ ማንዞኒ «እጮኛሞቹ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ታሪኩን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1628 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ በዚያ የረሃብ ዘመን ቶኒዮ የተባለው ገበሬ ለቤተሰቡ የሚያማስለው ፖሌንታ ቢጫ ሳይሆን ግራጫ የባክዊት ፖሌንታ ነው።

በቆሎ ከ1492 በኋላ ከአሜሪካ አህጉር ተሻግሮ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቬኒስ ግዛቶች መዘራት ጀመረ። ከአንድ ማሳ የሚሰጠው ምርት ከስንዴም ከሚሌትም ስለሚበልጥ ከቬኔቶ እስከ ፍሪዩሊ፣ ከሎምባርዲያ እስከ ፒየሞንቴ ተዛመተ። ሠዓሊው ፒየትሮ ሎንጊ በ1740 አካባቢ «ፖሌንታ» በተባለው ሥዕሉ ትኩሱ ቢጫ ገንፎ ከድስት ሲገለበጥ አሳይቷል፤ ሥዕሉ ዛሬ ቬኒስ ውስጥ በካ ሬዞኒኮ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ነገሩ ግን የማሳ በረከት ብቻ አልነበረም። ባለርስቱ ስንዴውን ለኪራይ ሲወስድ ለጭሰኛው የሚተርፈው በቆሎ ነበር። ጠዋትም ማታም ፖሌንታ ብቻ የሚበላው ገበሬ ቆዳው ይላላጥ፣ ሆዱ ይታወክ፣ በመጨረሻም አእምሮው ይናወጥ ጀመር። የሚላኑ ሐኪም ፍራንቼስኮ ፍራፖሊ በ1771 ይህን በሽታ ፔላግራ ብሎ ጻፈው። መነሻው ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖረ። እነ ሐኪሙ ቼዛሬ ሎምብሮዞ ጥፋቱን በሻገተ በቆሎ ላይ ጣሉት፤ የጣልያን መንግሥትም በ1902 ባወጣው ፔላግራን የመከላከያ ሕግ የተበላሸ በቆሎ እንዳይሸጥ ከለከለ። በኋላ በአሜሪካ ሐኪሙ ጆሴፍ ጎልድበርገር በሽታው ከምግብ ጉድለት እንደሚመጣ አሳየ፤ በ1937 ኮንራድ ኤልቬየም የጎደለው ኒያሲን የተባለው ቫይታሚን መሆኑን አረጋገጠ። በበቆሎ ውስጥ ኒያሲን አለ፤ ነገር ግን ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር አንጀት አይወስደውም። የሜክሲኮ ሕዝቦች በቆሎውን በኖራ ውሃ ስለሚቀቅሉት ቫይታሚኑ ይለቀቃል። አውሮፓ እህሉን ሲወስድ ይህን ጥበብ አልወሰደም፤ ዋጋውን የከፈለው ድሃው ነው።

ይህ ታሪክ ከኬኩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ኬኩን ኬክ የሚያደርጉት እንቁላል፣ ወተት፣ አይብና አልሞንድ፣ በሽተኛው ገበሬ ገበታ ላይ የጠፉት ምግቦች ናቸው። እንቁላልና አይብ ውስጥ ያለው ትሪፕቶፋን የተባለ የፕሮቲን አካል ወደ ኒያሲን ይለወጣል፤ አልሞንድም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። በዓመት በዓል ቀን ብቻ ቅቤና እንቁላል ይገባበት የነበረው የበቆሎ ኬክ ያኔ ጣዕም ብቻ ተደርጎ ቢታይም ሰውነት ሲፈልገው የነበረው ምግብ ነው።

ጣፋጮቹ

በጣም የታወቀው አሞር ፖሌንታ ነው፤ የሎምባርዲያዋ ቫሬዜ ከተማ የእኔ ነው ስለምትል ዶልቼ ቫሬዜም ይባላል። ፊዮሬቶ የተባለው የደቀቀ የበቆሎ ዱቄት፣ የተፈጨ አልሞንድ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ጥቂት የስንዴ ዱቄት ይገቡበታል። የሚጋገረው በግማሽ ግንድ ቅርጽ በተሠራ፣ ጎኑ ሽንትርትር ባለው ረጅም መጋገሪያ ስለሆነ ቢላው የት የት እንደሚያርፍ ኬኩ ራሱ ያሳያል። ላዩ ላይ የዱቄት ስኳር ይነፋበታል፣ ሌላ ማስጌጫ አያሻውም።

የማንቶቫዋ ስብሪዞሎና ከዚህ ፍጹም ትለያለች። ደረቅ፣ ጠፍጣፋ፣ ሲነኳት የምትፈረፈር ናት። የስንዴ ዱቄት፣ የበቆሎ ዱቄትና ስኳር በእኩል ስኒ ተለክተው፣ ከነልጣጩ በደንቡ ካልተፈጨ አልሞንድ ጋር ይቀላቀላሉ። ቅቤው፣ በጥንቱ አሠራር ደግሞ የዐሳማ ሞራው፣ በጣት ጫፍ እየታሸ ይገባል። ሊጧ አይቦካም፣ አይዳመጥም፤ ፍርፋሪው መጋገሪያው ላይ ሳይጫን ይበተናል። በቢላ መቁረጥ ነውር ነው፤ መሀሏን በጡጫ መታ አድርጎ ስባሪውን መከፋፈል ነው ወጉ።

በቬኔቶ ለጥምቀታቸው፣ ማለትም በጃንዋሪ 6፣ የሚጋገረው ፒንዛ ሁለቱን መንገዶች በአንድ ያገናኛል። የበቆሎው ዱቄት መጀመሪያ በወተት ወይም በውሃ ይገነፋል፤ ከዚያ የደረቀ በለስ፣ ዘቢብ፣ የእንስላል ዘርና ግራፓ የተባለው የወይን አረቄ ይጨመርበትና ይጋገራል። ክብደት ያለው፣ እርጥብ፣ ለብርድ ሌሊት የሚሆን ኬክ ነው። በዚያው አካባቢ ዘቢብ ያለው ዛሌቲ የተባለ ብስኩት አለ፤ ፔሌግሪኖ አርቱዚም በ1891 ባሳተመው ታዋቂ የምግብ መጽሐፉ ጃሌቲ ብሎ አስገብቶታል። ፒየሞንቴም ፓስቴ ዲ ሜሊጋ የተባሉ የራሷ የበቆሎ ብስኩቶች አሏት። በቤርጋሞ የኬክ ቤቶች መስታወት ውስጥ የሚታየው፣ የቸኮላት ወፎች የተቀመጡበት ጣፋጩ ፖሌንታ ኤ ኦዜይ ግን መልኩን ከፖሌንታ ወሰደ እንጂ አካሉ ስፖንጅ ኬክ ነው።

ከጣልያን ውጪ ዛሬ «የፖሌንታ ኬክ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የሎሚውን ነው። ይህ ዓይነት በእንግሊዝ የታወቀው ሮዝ ግሬይና ሩት ሮጀርስ በ1987 ለንደን ላይ ባቋቋሙት ሪቨር ካፌ አማካይነት፣ በኋላም በምግብ ጸሐፊዋ በናይጄላ ሎውሰን መጽሐፍ ነው። የስንዴ ዱቄት ጭራሽ የለበትም።

የሎሚው ኬክ እንዴት ይቆማል?

በስንዴ ኬክ ውስጥ ግሉተን ሊጡን አያይዞ ይይዘዋል። በቆሎ ግሉተን ስለሌለው ኬኩን የሚያቆመው እንቁላሉ ነው፤ የአልሞንዱ ቅባት ደግሞ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አልሞንዱ የፖሌንታውን እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ 100 ግራም ፖሌንታ 200 ግራም ያህል የተፈጨ አልሞንድ፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤና 3 እንቁላል ይፈልጋል። የፖሌንታው ድርሻ ሲበዛ ኬኩ አሸዋ አሸዋ ይላል።

ቅቤው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ለስለስ ካለ በኋላ ከስኳሩ ጋር ነጭ እስኪሆን ይመታል። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም፤ ኬኩን የሚያነሣው አየር በአብዛኛው የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። የተነጠረ ቅቤ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቅመሙ ሎሚውን ይውጠዋል፣ ሲመታም አየር በወጉ አይዝም። እንቁላሎቹ አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ አልሞንዱ፣ ፖሌንታውና ቤኪንግ ፓውደሩ፣ በመጨረሻ የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭ ይገባሉ። ሸካራው ዱቄት ከሊጡ እርጥበት እስኪጠጣ 20 ደቂቃ ያህል ቢቆይ ጥርስ ላይ አይንኮሻኮሽም። በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበስላል። መብሰሉ የሚታወቀው ጠርዙ ከመጋገሪያው ሸሸት ሲል ነው፤ መሀሉ ገና ለስላሳ ስለሚሆን ስቴኪኒ ቢሰኩበት እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ መውጣቱ አያስደነግጥ። ኬኩ እንደወጣ በዚያው ስቴኪኒ ላዩ ይበሳሳና በስኳር የተፈላ የሎሚ ጭማቂ ይፈስበታል። ሳይቀዘቅዝ ከመጋገሪያው ለማውጣት መሞከር መስበር ነው፤ ግሉተን የሌለው ኬክ የሚጠነክረው ሲበርድ ነው።

ጨው ያላቸው

እዚህ ዋናው ሥራ ገንፎው ነው። ተቆርጦ ለሚደረደር ፖሌንታ ለ1 ሊትር ውሃ 250 ግራም ሸካራ ዱቄት ይበቃል። ጨው ያለው ውሃ ሲፈላ ዱቄቱ በአንድ እጅ እንደ ዝናብ እየተነሰነሰ፣ በሌላው ይማሰላል፤ ገንፎ ያገነፋ ሰው ጓጓላ ከየት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ይህን ክፍል መማር አያስፈልገውም። ልዩነቱ ጊዜው ነው። ብራማታ የተባለው ሸካራ ፖሌንታ በዝግታ እሳት 40 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይማሰላል። ከፋብሪካ ቀድሞ በስሎ የሚመጣው በ5 ደቂቃ ይደርሳል፤ ለችኩል ቀን ያገለግላል፣ በጣዕሙ ግን አይወዳደርም። በገጠር ፓዮሎ የተባለ የመዳብ ድስት ይጣድና የበሰለው በእንጨት ገበታ ላይ ተገልብጦ በክር ይቆረጣል።

ገንፎው ቅባት በተቀባ መጋገሪያ ተስተካክሎ ሲፈስ ለጥቂት ሰዓት ሳይነካ መቀመጥ አለበት። የበቆሎው ስታርች በሙቀት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ መልሰው ይያያዙና ውሃውን በመካከላቸው ይዘው ይረጋሉ። ያልበሰለ ወይም ውሃ የበዛበት ፖሌንታ የሚፈርሰው ይህ ሳይሟላ ሲቀር ነው። የረጋው በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተቆርጦ ከሥጋ ስጎ፣ ከቤሻሜል፣ ከእንጉዳይና ከፎርማጆ ጋር እንደ ላዛኛ ሲደረደር ፖሌንታ ፓስቲቻታ ይባላል፤ በ200 ዲግሪ ላዩ ቡናማ እስኪሆን ለ30 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። በቫሌ ዳኦስታ ፎንቲና፣ በቢየላ ተራሮች ቶማ የተባሉት አይቦች ከፖሌንታ ጋር ይቀልጣሉ፤ ይህ ፖሌንታ ኮንቻ ነው። በቫልቴሊና በቆሎው ከባክዊት ጋር ተቀላቅሎ ፖሌንታ ታራኛ ይሆናል፤ በቬኔቶ ቆላና በባሕሩ ዳር ደግሞ ነጩ ፖሌንታ ከዓሣ ጋር ይወደዳል።

በውሃ፣ በጨውና በዘይት ብቻ የረጋ ፖሌንታ የጾም ነው። በቲማቲም ስጎ፣ በጎመንና በተጠበሰ እንጉዳይ ተደርድሮ ሲጋገር አይብ አያስመኝም። ጣፋጩን ግን እንቁላሉን ብቻ አውጥቶ የጾም ለማድረግ ቢሞከር ኬኩ የሚይዘው አጥቶ ይፈርሳል።

ስለ ዱቄቱ

በኢትዮጵያ ወፍጮ ቤቶች የሚፈጨው በቆሎ አብዛኛው ነጭና ደቃቅ ነው። ለጣፋጩ ኬክ በቀጥታ ያገለግላል፤ ቀለሙ ይገረጣል እንጂ ይዋሃዳል። ለሚረጋው ግን ሸከር ብሎ እንዲወጣ ወፍጮውን ማስላላት ወይም ቅንጬውን ደግሞ ማስፈጨት ይሻላል። ኮርን ፍላወር እየተባለ በትንሽ ፓኬት የሚሸጠው ነጭ ስታርች ሌላ ነገር ስለሆነ ፖሌንታን አይተካም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ከኮርን ሚሉ መካከል ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ቀድሞ የገባበት እንዳለ ልብ ይበሉ፤ በእሱ የተገነፋ ፖሌንታ አይቀመስም።

ግሉተን ለማይስማማው ለሴሊያክ ሕመምተኛ የሚጋገር ከሆነ የእህሉ ዓይነት ብቻ በቂ አይደለም። ስንዴ ፈጭቶ ወዲያው በቆሎ የሚፈጭ ወፍጮ ግሉተኑን ያቀላቅላል፤ ታሽጎ፣ ከግሉተን ነፃ መሆኑ ተጽፎበት የሚሸጠውን መጠቀም ግድ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩም ቢሆን አንዳንዱ የስንዴ ስታርች ስላለበት ጽሑፉ ይነበብ።

የሎሚው ኬክ ተሸፍኖ በክፍል ሙቀት 3 ቀን ያህል ይቆያል፤ በሁለተኛው ቀን ፖሌንታው ሽሮፑን ጠጥቶ ይበልጥ ይለሰልሳል። ስብሪዞሎና ክዳኑ በገጠመ ቆርቆሮ ከሳምንት በላይ ትቆያለች። ከፖሌንታ ፓስቲቻታ የተረፈው በማግስቱ ተቆርጦ በመጥበሻ ሁለቱም ጎኑ ሲጠበስ ቅርፊት ያወጣል።