ከዛፉ በፊት ሰው

ሱቅ ያላችሁ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ጋራዥ የምታስተዳድሩ፣ በማኅበር ኮሚቴ የምታገለግሉ ሁሉ አንድ ስጋት ታውቃላችሁ፦ «ሠራተኛውን ባስተምረው ነገ ጥሎኝ ይሄዳል።» ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ የሚሄድ አለ። ግን ሳይማር አብሮን የቆየው ሠራተኛስ ዘመን ሲለወጥ ምን ይበጀናል? መልሱን ከቦሳ አዲስ ሰፈር ብዙ ሳንርቅ፣ ከጅማና ከአካባቢዋ የቡና ታሪክ እናገኘዋለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን መግባቱ ታወቀ። በ1922 በኬንያ የታየው ይህ በሽታ አረንጓዴውን ፍሬ ገና ከዛፉ ሳይወርድ አጥቁሮ ያበሰብሰዋል። በሽታውን የማይቋቋም ዛፍ ፍሬውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ኑሮው በቡና ላይ ለቆመ ቤተሰብ ይህ የዓመት ቀለብና የልጆች ልብስ ማጣት ማለት ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ! በሽታው ሲመጣ የሚጠብቀው ሰው ነበረ። የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1952 ነው። በ1956 ወደ ዓለማያ የሄደው የእርሻ ኮሌጅም ትምህርቱን የጀመረው በጅማ ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው የመልኮ የምርምር ጣቢያ ደግሞ በ1967 ተቋቋመ። አገሪቱ ለሃያ ዓመት ያህል የእርሻ ባለሙያ ስታሠለጥን ቆይታለች ማለት ነው።

የውጭ ጠበብትም አግዘው፣ ባለሙያዎቹ በሽታው ክፉኛ በመታቸው ማሳዎችና ጫካዎች እየዞሩ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ይፈልጉ ጀመር። ሥራው ቀላል አልነበረም። በዕድል ያመለጠውን ዛፍ በእርግጥ ከሚቋቋመው ለመለየት፣ ፍሬውንና ችግኙን ሆን ብሎ በበሽታው እየለከፉ መፈተን ያስፈልጋል። ይህን ያልሠለጠነ ዓይንና እጅ አይችለውም። በ1974 ከተመረጡት ዛፎች 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ተገኙ። የቁጥሩ መነሻ 74 የተመረጡበትን ዓመት ያስታውሳል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ለገበሬው ደረሱ።

ሁለተኛው ታሪክ ቅርብ ነው። በአጋሮ አካባቢ ብዙ ገበሬ ቡናውን ከነገለፈቱ አድርቆ በርካሽ ይሸጥ ነበር። በ2010 ዱሮሚና የተባለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። በብድር የእሸት ቡና ማጠቢያ ተከለ፤ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅትም በሥልጠናና በምክር አገዘው። የማኅበሩ ሰዎች ቀይ እሸት ብቻ መርጦ መረከብን፣ አጥቦ በአልጋ ላይ ማድረቅን፣ ሒሳብ በአግባቡ መያዝን ተማሩ። መፈልፈያ ማሽን በገንዘብ ይገዛል። ነገር ግን የተፈለፈለው ቡና በገንዳ ውስጥ ከልኩ በላይ ከቆየ ይበላሻል፤ ሰዓቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ከሌለ የብዙ ቤተሰብ ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

በ2012 የዓለም አቀፍ ዳኞች ስብስብ የዱሮሚናን ቡና የአፍሪካ ምርጥ ብሎ ሰየመው። ማኅበሩ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር! መሬቱ ያው፣ ዝናቡ ያው፤ የተለወጠው የሰዎቹ እጅና አሠራር ነው።

ውድ አንባቢያን! ለውጥ ቀን ቆርጦ አይመጣም። በሽታ፣ አዲስ ገበያ ወይም አዲስ መሣሪያ ሆኖ በድንገት ይደርሳል። ያን ጊዜ ሠራተኛ ላሠልጥን ቢሉ ጊዜው አልፏል። በሱቃችሁ ያለውን ልጅ ሒሳቡን አሳዩት፤ በጋራዣችሁ ያለውን ከመፍቻ ማቀበል አሳልፋችሁ ሞተሩን እንዲፈታ ፍቀዱለት። ሲሳሳት አርሙት፣ ሲያውቅ ኃላፊነት ስጡት፣ ደመወዙንም እንደ ችሎታው አሳድጉለት። ሰው ጥሎ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ስለተማረ ሳይሆን፣ ተምሮም እንዳልተማረ ስለሚታይ ነው።