ከማዳም ቤት እስከ አጅሉን

አማን ለሚኖር ሐበሻ ሳምንት ማለት አርብ ነው። አገሬው አርብና ቅዳሜ ስለሚያርፍ እኛም ጸሎቱን፣ መዝሙሩን፣ ዕቁቡን፣ ለቅሶ መድረሱን ሁሉ አርብ ላይ እንጭናለን። እሁድ የሥራ ቀን ነው። ዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞችን በአሠሪና ሠራተኛ ሕጓ ውስጥ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ በ2009 በወጣው ደንብ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ፈቅዳለች፤ በዚህ ከብዙዎቹ የዐረብ አገሮች ትቀድማለች። በተግባር ግን አርብ አርብ ከቤት የምትወጣ ልጅ ዛሬም በጓደኞቿ ዘንድ እድለኛ ትባላለች።

እንዲህ የተጨናነቀ ሰው ክረምት ሲመጣ ያለችውን ጥቂት የዕረፍት ቀን ሰብስቦ የሰው ልጅ በነፃ ሊጠብቅ ካምፕ ይወጣል ቢባል ማን ያምናል? አማን ውስጥ ግን ይህ ነገር ሥር ይዟል። አጀማመሩን የማውቀው ስለሆነ ልንገራችሁ።

የዮርዳኖስ ክርስቲያኖች ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እፍኝ ናቸው፤ በአደረጃጀት ግን አይታሙም። በአማን፣ በፉሔይስ፣ በማዳባና በሰልት ያሉ አጥቢያዎች የወጣት ማኅበር አላቸው፤ ሸቢባ ይሉታል። ብዙዎቹ የስካውት ቡድንም አላቸው። በበዓል ቀን ስካውቶቹ ተሰልፈው ሲወጡ ከጥሩምባና ከከበሮ ጋር ያንን የስኮትላንዳውያንን ከረጢት የመሰለ የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋሉ። ከእንግሊዞች ዘመን የቀረ ነው፤ መጀመሪያ ጊዜ ያየ ሐበሻ አፉን ከፍቶ መቆሙ አይቀርም። ልጆቹ በጎ ፈቃደኝነትን የሚማሩት በዚህ ውስጥ ሲያድጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አማን ላይ የተጀመረው የሰላም ንግሥት ማዕከል አካል ጉዳተኞችን ሃይማኖት ሳይለይ በነፃ ያገለግላል፤ ጳጳሱ በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 አገሩ እንደገቡ የጎበኙትም እሱን ነው። በ2014 ክርስቲያኖች ከሞሱል ተሰድደው ሲመጡም የአማን አብያተ ክርስቲያናት አዳራሾቻቸውን ከፍተው አስጠልለዋቸዋል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አጥቢያዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን፣ ወደ አጅሉን ይወጣሉ። ከአማን ሰባ ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። ተራራው ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ የባሉጥ ደን ለብሷል፤ አማን በሙቀት ስትንገበገብ እዚያ ማታ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። በአቅራቢያው አንጀራ በምትባል ከተማ የተራራዋ እመቤታችን ቤተ መቅደስ አለ፤ እመቤታችን ከልጇ ጋር ያረፈችበት ዋሻ ነው እየተባለ ይሳለሙታል።

እኛ ወደዚህ ካምፕ የገባነው በወጥ ቤቱ በኩል ነው። ማዳም፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ ልጆቿን ስትልክ ሠራተኛዋንም ትልካለች፤ ድስት የሚያጥብ፣ አልጋ የሚያነጥፍ ሰው ያስፈልጋላ። አንድ ክረምት ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ታምማ ወደ አማን ተመለሰችና የትንንሾቹ ቡድን ያለ ጠባቂ ቀረ። ልጆቹን አንድ በአንድ በስም የሚያውቃቸው፣ የትኛው ጨለማ እንደሚፈራ፣ የትኛዋ ለውዝ እንደማይስማማት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የተገኘችው ወጥ ቤት ነው። አንዲት የጎጃም ልጅ ናት። ቡድኑን ተረከበች፤ በዓመቱ ደግሞ የአስተባባሪዎቹን መለያ ካናቴራ ለብሳ መጣች። ሁለቱም ክረምት ላይ ድስት ሳጥብ ነበርኩና አይቻለሁ። በየቤቱ "ሠራተኛዋ" የምትባል ሴት በልጆች ፊት ፊሽካ ነፍታ ስታሰልፍ ማየት ለአገሬው ወላጆች ቀላል አልነበረም። ልጆቹ ግን ወዲያው ለመዱት፤ ልጅ ምን ቸገረው።

ከዚያ ጥያቄው ወደ ራሳችን ልጆች ዞረ። እዚህ የተወለዱ የሐበሻ ልጆች አሉ፤ ዐረብኛው እንደ ውኃ ይፈስላቸዋል፣ አማርኛው ግን "ነይ ብዪ" ላይ ያልቃል። ለእነሱ ምን አለ?

መቼም ወጣትን ሰብስቦ ማስተማር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ማኅበረ ቅዱሳን ሲነሳ ብላቴ አብሮ ይነሳል፤ በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና የዘመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚያ በአንድነት ይጸልዩ ነበር። ወንጌላውያኑም ላንጋኖና ቢሾፍቱ ላይ ወጣቶቻቸውን ሲሰበስቡ ኖረዋል። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ደግሞ በዝናቡ ወራት ጭቃውን እየረገጠ ሰንበት ትምህርት ቤት የክረምት ኮርስ መግባቱን አይረሳም። እዚህ ጭቃ የለም። ከግንቦት ማለቂያ እስከ መስከረም ጠብታ ዝናብ ማየት ብርቅ ነው።

ስለዚህ ለልጆቻችን የራሳችንን ካምፕ ጀመርን፤ በሁለትም ከፈልነው። አንዱ አማን ላይ ነው፤ ግቢውን ባዋሰን ቤተ ክርስቲያን አርብ አርብ ቀኑን ሙሉ ይካሄዳል። ሌላው ለጥቂት ቀን ወደ አጅሉን የሚደረገው ጉዞ ነው። የከፈልነው ወደን አይደለም። ወደ ሰሜን ሲኬድ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፤ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ያለፈባት እህት ደግሞ በየቀኑ ቅጣት ስለሚቆጠርባት ዕዳው ተቆልሎ ከቤቷ ርቃ መሄድ ያስፈራታል። ስለዚህ እነሱ አማን ቀርተው ስንቁን ያዘጋጃሉ። ምርጥ መዝሙር አስተማሪዎቻችን ከእነሱ መካከል ነበሩ፤ የአጅሉኑ ጉዞ እነሱን በማጣቱ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው።

የውኃው ነገርም አለ። አማን ውስጥ የቧንቧ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሁሉም ጣሪያው ላይ ባለው ታንከር አጠራቅሞ ይኖራል። አርባ ልጅ ግቢ ውስጥ ሲራጭ ውሎ ታንከሩ ሲደርቅ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ፊት ማየት ከባድ ነው። ቦቴ መግዣው ከምግቡ በጀት ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

የምግቡ ጉዳይ ይልቅ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ አለ፤ ካምፑ ከጾሙ ጋር ይገጥማል። የዮርዳኖስ ገበታ ግን ለጾመኛ የተሠራ ይመስላል፤ ፉሉ፣ ሑሙሱ፣ ፈላፍሉ፣ ምስርና ሩዝ የሚቀላቀልበት ሙጀደራው፣ በዘይት የሚበላው ዛዕተሩ ሁሉ የጾም ነው። ሽሮ ስንጨምርበት የአገሬው ልጆች ከእኛዎቹ ቀድመው ይጨርሱታል። ፋሲካንም ከእነሱ ጋር እንውላለን፤ በዮርዳኖስ ካቶሊኮቹ ሳይቀሩ ትንሣኤን የሚያከብሩት በምሥራቁ አቆጣጠር ነውና። በገና ግን እንለያያለን።

በመካከላችን ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤና ካቶሊክ አለ። ጠዋት "አባታችን ሆይ" አብረን እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱን እያንዳንዱ ለራሱ ልጆች ይሰጣል። አገር ቤት ቢሆን በዚህ የምንስማማ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያሳስበው የልጆቹ ወረቀት ነው። በዮርዳኖስ ልጅ ዜግነትን ከአባቱ ያገኛል፤ አባቱ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ልጁም በሕግ ሙስሊም ነው፤ ሙስሊምን ወደ ክርስትና መስበክ የተከለከለ ነው። እናቱ ሐበሻ፣ አባቱ ሙስሊም የሆነ ልጅ ሲመጣ ኳሱን ይጫወታል፣ ምሳውን ይበላል፤ ትምህርቱ ላይ አይገባም። ለምን ብሎ ሲያለቅስ ያየ ሰው ልቡ ይሰበራል። ያም ሆኖ ሕጉን ማክበር አለብን፤ ግቢውን ያዋሰን ቤተ ክርስቲያን በእኛ ምክንያት ችግር ውስጥ መግባት የለበትም።

ብዙ ሰው ዮርዳኖስ ወንዝ አጠገብ እያላችሁ ምን አጅሉን ያስኬዳችኋል ይለናል። ጌታ የተጠመቀበት አል መግጠስ ከአማን ሩቅ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም እዚያ ይዞታ አላት። ነገር ግን ቦታው ከባሕር ጠለል በታች ከ300 ሜትር በላይ የወረደ በመሆኑ በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሕፃን ይዞ የሚኬድበት አይደለም። ጥር 11 ቀን ነው የሚያምረው፤ ያን ጊዜ እንወርዳለን።

ይህ ካምፕ በማንም በጀት የቆመ አይደለም። የቆመው አርብ ዕረፍት ባላቸው ሴቶች ነው፤ እነሱ ሲበዙ ልጆች እንቀበላለን፣ ሲያንሱ እንመልሳለን። ስለዚህ ለሥራ ወደ አማን ልትመጪ ፓስፖርትሽን ያወጣሽ እህቴ፣ ደመወዙን ብቻ አይተሽ አትፈርሚ። የዕረፍት ቀንሽ አርብ መሆኑ፣ ያን ቀን ከቤት መውጣትም መብትሽ መሆኑ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍልሽ፤ አንዱን ቅጂም ለእናትሽ ትተሽላት ነይ።